ያልተነፈሰው ጀሪካን

ጓድ አሳምነው የሞተው በአንዲት አሮጌ ፊያት የኋላ ወንበር ላይ፣ ጫማውን አውልቆ፣ የምጽዋ አሸዋ ከእግር ጣቶቹ መሃል ሳይራገፍ ነው። ማኪናዋ በአስመራ፣ በቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር፣ በወይዘሮ ትርሓስ ፔንስዮን ግቢ ውስጥ በሮቿ እንደተከፈቱ ቆማለች። ከሟቹ እግር ሥር ሁለት ሊትር የሚይዝ ነጭ የላስቲክ ጀሪካን ተጋድሟል። የፈሰሰው ውኃ ምንጣፉን አርሶታል። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አሸተተና «የመጋዘን ተባይ የሚገደልበት መድኃኒት ነው። ሁለት ጉንጭ ይበቃል» ብሎ ቀና አለ።

ወሩ ጥር፣ ዓመቱ ሰባ ስድስት ነው። ሻምበል ዘርዓይ ከፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። የጸጥታው ሰው ንዋይ ቀድሞት መጥቶ ግቢውን በወታደር ዘግቶታል። ሽማግሌው ሾፌር ዓንደማርያም እጃቸውን የፊጥኝ ታስረው ከግንቡ ሥር ተቀምጠዋል።

«ዘገየህ ሻምበል» አለው ንዋይ። «ነገሩ አልቋል። ውኃውን ምጽዋ ላይ የቀዳው ሾፌሩ፣ የዘጋው ሾፌሩ፣ ለጓድ አሳምነው ያቀበለው ሾፌሩ። መርዙም ከሾፌሩ ወንበር ሥር ተገኘ።» በመሐረብ የያዛትን አንዲት የላስቲክ ብልቃጥ ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ካለቀማ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

«ለፊርማ። ሬሳው ነገ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይገባል። ያለ ፖሊስ ወረቀት አይነሣም።»

«እንግዲያው ፊርማዬ ከጥያቄዬ በኋላ ይመጣል።»

ንዋይ ሰዓቱን አየ። «እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጠይቅ። ሰዓት እላፊ ሲደርስ ሰውየው የኔ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያገርህ ልጅ ስለሆነ የምትለፋ እንዳይመስለኝ ብቻ።»

በዚያ ዘመን «የኔ ነው» የተባለ ሰው የት ደረሰ ተብሎ አይጠየቅም ነበር፤ የጠየቀም ይጨመርበታል። ስለዚህ ለሽማግሌው የቀራቸው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው።

ዘርዓይ ብልቃጧን በመሐረቧ እንዳለች ተቀበለ። ግማሽ ድረስ ቡናማ ፈሳሽ ይዛለች። ወደ ታች ዘቀዘቃት፤ ጠብ አላለም። ጎኗን በአውራ ጣቱ ጫን አላት፤ ልስልስ ብላ ገባችና ተመለሰች። ትንሽ አሰበና በኮቱ ኪስ ከተታት።

ሾፌሩን ወደ ወጥ ቤት አስገብቶ እጃቸውን አስፈታ። ሽማግሌው የእጃቸውን አንጓ እያሹ ቁልቁል ያያሉ።

«ኣቦይ ዓንደማርያም፣ እኔን እንደ እንግዳ ቁጠሩኝና ምጽዋን አስጎብኙኝ። ትናንት እንዳደረጉት፣ አንድም ሳያስቀሩ።»

«አሁን?» አሉ ሽማግሌው። «በዚህ ሰዓት መቀለድ ደግ ነው ወይ፣ ወደይ፣ ልጄ?»

«አልቀለድኩም።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መናገር ሲጀምሩ ግን ድምፃቸው ቀስ በቀስ ጠራ፤ ሃያ ዓመት የተናገሩት ነገር ነውና። «ጣልያኖቹንም፣ የቃኘው አሜሪካኖችንም በዚችው ማኪና አስጎብኝቻለሁ። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ግን እንግዳ የለም። ጓድ አሳምነው ‹አስመራ ኖሬ ባሕሩን ሳላይ አልቀርም› ብለው ፈቃዱን ራሳቸው አወጡ። ትናንት ጠዋት ከወታደሩ ኮንቮይ ጋር ወረድን። ሦስት ናቸው፤ እሳቸው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ላቀች፣ ጸሐፊያቸው ኣስፋው። መጀመሪያ ወደ ጥዋለት ደሴት የሚያስገባውን ረጅሙን ግድብ በቀስታ ነዳሁት። ባሕሩ በግራም በቀኝም የሚታየው እዚያ ነው፤ እንግዳ ሁሉ እዚያ ዝም ይላል። ከዚያ ባጽዕ፣ አሮጌው ከተማ ገባን። ከባሕር ድንጋይ የተሠሩትን የቱርክ ቤቶች፣ በእንጨት የተጠለፉትን መስኮቶች አሳየኋቸው። ወይዘሮ ላቀች ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰችና ‹ዛጎል አለበት እኮ!› አለች። ከሰዓት በኋላ ጉርጉሱም ባሕር ዳር ወሰድኳቸው። ጓድ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውኃ ውስጥ ገቡ።»

«ኣስፋውስ?»

«ዳር ቆመ። ጓድ ከውኃው ውስጥ ሆነው ሳቁበት። ‹ኣስፋው፣ ጠግበህ እይ! ከሰኞ በኋላ የምታየው የናቅፋ ግንባርን ድንጋይ ነው› አሉት። እሱም ሳቀ። ሳቁ ግን ጥሩ አልነበረም።»

ዘርዓይ ይህን ጻፈ። «ውኃውስ?»

«ዛሬ ንጋት ላይ ባደርንበት ሆቴል ግቢ ሁለት ጀሪካን ቀዳሁ። አንዱ ለመጠጥ፣ አንዱ ለራዲያተር። ሁለቱንም አጥብቄ ዘጋሁ። በመንገድ ላይ ውኃ የጠየቀ የለም፤ ጊንዳዕ ላይ ሁላችንም ሻሂ ጠጥተናል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ጉም ነው፣ ብርድ ነው። እዚህ አምስት ሰዓት ደረስን። ዕቃ አራገፍኩ። ስመለስ ጓድ ማኪና ውስጥ ገብተዋል፤ ‹ወደ ቢሮ አድርሰኝ፣ መጀመሪያ ውኃ ስጠኝ› አሉ። ከፍቼ ሰጠኋቸው።» ሽማግሌው ቀና ብለው ዘርዓይን አዩት። «አንድ ነገር አለ፤ ብናገር ማን ያምነኛል?»

«ይናገሩ።»

«ጀሪካኑ አልተነፈሰም።»

«እንዴት?»

«አንተ የደጋ ልጅ ነህ፣ ታውቀው የለም እንዴ? ምጽዋ ላይ የተዘጋ ነገር አስመራ ሲደርስ ሆዱ ያብጣል። የታችኛው አየር ከባድ ነው፣ የኛ ቀላል ነው። ስትከፍተው ፉስስ ይላል። እኛ የዚህ መንገድ ሾፌሮች ለእንግዳ ስንከፍት ወደ ውጭ አዙረን ነው፤ ያለዚያ ልብስ ያበላሻል። ዛሬም ወደ ውጭ አዞርኩት። ዝም አለኝ። ልቤ ጠረጠረ፤ ጓድ ግን ‹ቶሎ በል አንተ ሽማግሌ!› አሉ። ሰጠኋቸው።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ጥፋቴ እሷ ናት።»

ወይዘሮ ላቀች ከሳሎኑ ጥግ ተቀምጣለች። የቀሚሷ ደረት ላይ ሰፊ የቅባት እድፍ አለ።

«አላለቀሱም» አላት ዘርዓይ በጸጥታ።

«በር ላይ ወታደር አቁማችሁ ልቅሶ ይወጣል እንዴ?» ቀና ብላ አየችው። «ጠርጥረኝ፤ እኔም ብሆን ራሴን እጠረጥር ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ልጆቼ ጋ ልሂድ፣ ይለፍ አውጣልኝ ብዬ ለመንኩት። ለሰው ሁሉ የሚፈርም እጅ ለኔ አልፈረመም። ‹ሹም ሚስቱን ካሸሸ ሕዝቡ ምን ይላል?› ይለኛል።»

«ከማኪናው ስትወርዱ የት ሄዱ?»

«ፊቴን ልታጠብ፣ መታጠቢያ ቤት። ይሄው፣ ጉዴን አታይም?» እድፉን አሳየችው። «ጠዋት ሆቴል ተቀብቼ በደንብ የዘጋሁት የፀጉር ቅባት ነው። ክዳኑን ስነካው እንደ ሰው ተፋብኝ። ስጠርግ ቆይቼ ጩኸት ሰማሁና ወጣሁ።»

ዘርዓይ የቅባቱን ጠርሙስ አስመጥቶ አየ፤ ከአንገቱ እስከ ታች ቅባት ወርዶበታል። «ባለቤትዎ ሰኞ ምን ነበር የሚሠሩት?»

«ዝርዝር ይፈርማል። ከቢሮው ወደ ግንባር የሚዘምቱትን። የማን ስም እንዳለበት አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።»

የፔንስዮኑ ባለቤት ወይዘሮ ትርሓስ ሳይጠሩ መጡ። ወፍራም፣ ምላሰኛ ሴት ናቸው።

«ስማ ወደይ፣ ያንን ሽማግሌ ከወሰዳችሁት እኔንም ውሰዱኝ። ከደረሰ ጀምሮ ከዓይኔ አልራቀም።»

«እንዴት ያውቃሉ፣ ኣደይ ትርሓስ?»

«ሻንጣ ተሸክሞ በወጥ ቤት በኩል ገባ። የደረቀ ዓሣ አምጣልኝ ብዬው ነበር፤ ያመጣልኝን ብታየው! የእጄን መዳፍ አታክልም። ‹ለድመት ነው ያመጣህልኝ?› ብዬ ስጨቃጨቀው፣ እሱ ሲስቅብኝ፣ ሟቹ ኮሪደር ላይ ስልክ ይዞ ‹ሃሎ! ሃሎ!› እያለ ሲጮህ፣ አሥር ደቂቃ ሆነ። ከዚያ ሟቹ ስልኩን ዘጋና ወጣ፤ ሽማግሌውም ተከትሎት ወጣ። ብቻውን ወደ ማኪናው የሄደበት ጊዜ የለም፤ በማርያም!»

«ከማኪናው አጠገብ ማን ቀረ ታዲያ?»

«ማን ይሆናል? ያ ጸሐፊው፣ እንደ ባልና ሚስቱ እሱም እዚህ ክፍል ተከራይ ነው። አንዲት ቦርሳ እንኳ አላነሣም። መጀመሪያ ክፍሉ ሮጦ ገባና ወጣ፣ ከዚያ ማኪና ጠባቂ ሆኖ ቆመ። ጌታ መስሎ!»

የመጨረሻው ኣስፋው ነው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ከሰባት ወር በፊት ከአዲስ አበባ የተመደበ ቀጭን ሰው። ክራቫቱን አስሮ፣ ላቡን እየጠረገ ተቀመጠ።

«የማውቀውን ለጓድ ንዋይ ተናግሬአለሁ።»

«ለኔም ድገምልኝ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።»

«ዛሬ ንጋት ላይ ከሆቴሉ መስኮት አየሁት። ጀሪካኑን ቀዳ። ከዚያ ትንሽ ብልቃጥ አውጥቶ ከፈተና ጨመረበት። ብልቃጧን አጥብቆ ዘግቶ ከወንበሩ ሥር ከተታት።»

«ያኔ ለምን ዝም አልክ?»

«የማኪና ነገር መሰለኛ! እኔ የማኪና ሞያ የለኝም።»

«ከምጽዋ እስከዚህ ያንን ብልቃጥ የነካ፣ የከፈተ አለ?»

ኣስፋው አልዘገየም። «ማንም። አጠገቡ ነበር የተቀመጥኩት። ጓድ ንዋይ እስኪያወጣት ድረስ ማንም አልነካትም።»

«ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ወርደሃል?»

«የትናንቱ የመጀመሪያዬ ነው። አስመራም የገባሁት በአውሮፕላን ነው።»

«ጥሩ። እዚህ ላይ ፈርም።» ፈረመ። ፊርማው ውብ ነው፤ የጸሐፊ እጅ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዘርዓይ ሁሉንም በምግብ አዳራሹ ሰበሰበ። መስኮቶቹ ተዘግተዋል፤ ወታደሮቹ በር ላይ ቆመዋል። ንዋይ ካቴናውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በጣቱ ያዞረዋል። ዓንደማርያም ከዚያ ካቴና ላይ ዓይናቸውን መንቀል አልቻሉም።

ዘርዓይ ከማኪናው ኋላ ያስመጣውን ሁለተኛውን ጀሪካን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ጎኖቹ ተነፍተው እንደ ከበሮ ተወጥረዋል።

«ይህ ለራዲያተር የተቀዳው ነው። ዛሬ ንጋት ላይ ምጽዋ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም። ጓድ ንዋይ፣ ክፈተው። ወደ ራስህ አታዙረው።»

ንዋይ ፊቱን አጨማዶ ክዳኑን አላላ። ፉስስስ! ጠብታው እስከ ጠረጴዛው ጫፍ ተፈናጠረ። የተነፋው ጎን ወደ ውስጥ ተመለሰ። ወይዘሮ ላቀች ሳታስበው እጇን ወደ ቀሚሷ እድፍ ሰደደች።

«አዎን ወይዘሮ፣ የእርስዎም ቅባት ያደረገው ይህንኑ ነው» አለ ዘርዓይ። «ምጽዋ ዘግተው አስመራ ከፈቱት። ምጽዋ ከባሕሩ እኩል ናት፣ እኛ ግን ሰማይ ጥግ ነን። እዚያ የታፈነ አየር እዚህ መውጫ ይፈልጋል። የመጠጡም ጀሪካን በዚሁ ንጋት፣ በዚሁ እጅ ነው የተዘጋው። ኣቦይ ዓንደማርያም ሲከፍቱት ግን አልተነፈሰም ይላሉ። ስለዚህ ከሳቸው በፊት፣ እዚሁ አስመራ፣ ሌላ ሰው ከፍቶታል።»

«የተከሳሽ ቃል!» አለ ንዋይ። «ነፍሱን ለማዳን የማይለው ምን አለ?»

«ልክ ነህ። እሱን ተወው፤ የከሳሹን ቃል እንይ።» ብልቃጧን ከኪሱ አወጣ። «ጓድ ኣስፋው፣ ሾፌሩ ይህችን ምጽዋ ላይ ከፍቶ አጥብቆ ዘጋት፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልከፈታትም ብለሃል። ፈርመሃል።»

«አዎ።»

«ግማሿ ባዶ ነው፤ አየር አለበት። ክዳኗ ጥብቅ ነው፤ ዘቅዝቄአታለሁ፣ ጠብ አላለም። እንግዲያው እንደ ጀሪካኑ መወጠር ነበረባት። ጓድ ንዋይ፣ ጫን በላት።»

ንዋይ በጣቱ ጫናት። ጎኗ ልስልስ ብሎ ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ካቴናውን ማዞር ተወ። ክዳኗን ራሱ በጥንቃቄ አላላ፤ ጆሮውን አስጠጋ። ምንም የለም።

«ይህች ብልቃጥ» አለ ዘርዓይ «ወይ ምጽዋን አላየችም፣ ወይ ምጽዋ ላይ አልተከፈተችም። የተዘጋችው እዚህ፣ በኛ አየር ነው።»

ኣስፋው ከወንበሩ ተነሣ። «ታዲያ ሽማግሌው እዚህ እንደገና ከፍቷት ይሆናላ! እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ማንም አልነካትም ያልከው አንተ ነህ።»

«ሳላየው…»

«ሳታየው መቼ? ሽማግሌው እንደደረሱ ሻንጣ ይዘው ወጥ ቤት ገቡ። ኣደይ ትርሓስ በዓሣ ጉዳይ ይዘዋቸዋል።»

«መዳፍ የማታክል ዓሣ!» አሉ ትርሓስ።

«ከዚያ የወጡት ከጓድ አሳምነው ኋላ ነው። እስከዚያ ጓድ አሳምነው ስልክ ላይ ነበሩ። ወይዘሮ ላቀች ቅባቱን ሲጠርጉ ነበር፤ እድፉ ይመሰክራል። ከማኪናው ጋር አሥር ደቂቃ ብቻህን የቀረኸው አንተ ነህ። ክፍልህ ገብተህ ወጥተሃል። ብልቃጧ ከዚያ መጣች። በጀሪካኑ ጨመርክ፣ ጀሪካኑን ዘጋህ፣ ብልቃጧን ዘጋህ፣ ከሽማግሌው ወንበር ሥር ከተትካት። ይህን መንገድ የሚያውቅ ሾፌር ቢዋሽ እንኳ እንዲህ አይዋሽም። አንተ ግን በአውሮፕላን ነው የመጣኸው።»



«ሰኞ ሊፈረም የነበረውን ዝርዝር ማን ነው የሚጽፈው?» ብሎ ጠየቀ ዘርዓይ፣ ድምፁን ሳያነሣ።

ኣስፋው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ክራቫቱን ፈታ፤ መልሶ ሊያስረው ሞከረ፤ ተወው። «እኔ» አለ። «በሰባት ወር አሥራ አንድ ሰው ጽፌአለሁ፤ የተመለሰ የለም። ባለፈው ሳምንት ጓድ አሳምነው ‹አንድ ስም ጎድሏል፣ የራስህን ጨምር› አለኝ። በገዛ እጄ! ሰበብ ብፈልግ፣ ብለምን፣ ሳቀብኝ። ምጽዋ ወስዶም ባሕር ዳር አቁሞ ሳቀብኝ። መውጫ አጣሁ ሻምበል። ከዚህ ከተማ በየት በኩል ይወጣል? አንተ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ ዘርዓይ። «እኔም ስፈልግ ኖሬአለሁ። ግን እኚህን ሽማግሌ አሥራ ሁለተኛ አድርገህ ጻፍካቸው።»

ኣስፋው ሁለት እጁን ዘረጋ። ወታደሮቹ እጁን ሲይዙት አልታገለም።

ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ንዋይ ተነሣና ካቴናውን ለወታደሩ ሰጠ። «ሁለቱም ይሂዱ» አለ። «ሽማግሌው ለምስክርነት።»

ዓንደማርያም ዘርዓይን አዩት። ለምስክርነት ሄዶ የቀረ ሰው ሁለቱም ያውቃሉ።

«ምስክር የፖሊስ ነው» አለ ዘርዓይ። «ወረቀቱን ጽፌአለሁ፤ አንድ ተከሳሽ፣ አንድ ምስክር፣ ምስክሩ በኔ ኃላፊነት። ያለዚህ ወረቀት ሬሳው አይነሣም።»

«ሻምበል፣ ከማን ጋር እንደምትነጋገር አትርሳ።»

ያኔ ወይዘሮ ላቀች ብድግ አለች። «እኔም ልናገር» አለች። «ነገ የባሌን ሬሳ ይዤ አዲስ አበባ እገባለሁ። ያልፈረመልኝን ይለፍ በሞቱ ሰጠኝ፤ ምን ይደረግ! ለቀብሩ እነማን እንደሚመጡ አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ ጓድ ንዋይ። ገዳዩን ማን እንዳገኘው፣ ማን ደግሞ ንጹሕ ሽማግሌ ይዞ ሊሄድ እንደነበረ ይጠይቁኛል። አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። የማልነግራቸው ነገር እንዲኖር ከፈለግህ፣ እኚህ ሰው አሁን ቤታቸው ይግቡ።»

ንዋይ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ፣ አጠፈ፣ ኪሱ ከተተ። «ማኪናዋ ግን እዚህ ትቀራለች» ብሎ ወጣ። የኣስፋው እርምጃ ከወታደሮቹ እርምጃ ጋር ተቀላቅሎ በኮሪደሩ ራቀ።

ዘርዓይ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዞ እስከ ውጭው በር አደረሳቸው። በሩ ሲከፈት ሚስታቸው ዘቢብ ከግንቡ ሥር ተቀምጠዋል። ወሬው ስድስት ሰዓት ላይ ሰፈራቸው ጥራቮሎ ደርሶ ነበር። በዚያ ዘመን ባሏ የተያዘ ሴት እንደምታደርገው፣ ዘቢብም ብርድ ልብስና በሳህን የታሰረ ምግብ ይዘው መጥተው፣ ወታደሮቹ ቢያባርሯቸውም ሳይሄዱ ውለዋል።

ዘቢብ ባላቸውን አዩ። ከኋላቸው ወታደር እንዳለ ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ። የለም።

«ፈቱህ?» አሉ።

«እወ» አሉ ዓንደማርያም።

«ሂዱ፣ ፍጠኑ» አለ ዘርዓይ። «ሰዓት እላፊ ደረሰ።»

ዘቢብ ግን አልፈጠኑም። ለእስር ቤት ያመጡትን ብርድ ልብስ ዘርግተው ባላቸው ትከሻ ላይ ጣሉት፤ ደረታቸው ላይ አጠባብቀው አሰሩላቸው። ከዚያ ክንዳቸውን ይዘው ወደ ጥራቮሎ በእግር ወሰዷቸው።